የመጨረሻዋን ልብ በሉ

ደረጃው ላይ ሰው ተደናቀፈ። መጀመሪያ የጫማ ጫፍ ከሲሚንቶ ጋር ሲጋጭ፣ ቀጥሎ የእጅ መደገፊያው ብረት ሲንቀጫቀጭ፣ በመጨረሻ የታፈነ «ውይ» ተሰማ።

ምላጭ የስኒዎቹን ትሪ እንደያዘች በሩ አጠገብ ቀጥ አለች። አፏ ተከፍቶ ነበር። ቃሉ እስከ ጉሮሮዋ ወጥቶ እንደ ዓሣ አጥንት እዚያው ተሰነቀረ።

እናቷ ብትኖር፣ እንግዳው ገና ታች ሳለ ኮቴውን ሰምታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ የደረጃውን መብራት አብርታ «የመጨረሻዋን ልብ በሉ» ትል ነበር። ለዘመድም፣ ቆጣሪ ለሚያነበውም፣ በር ተሳስቶ ለሚመጣውም ያው ነው። በዚህ ቤት ከሰላምታ በፊት የሚወጣው ቃል እሱ ነበር። አሁን ቃሉም ባለቤቱን ተከትሎ ሄደና ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እየተደናቀፈ ይገባል። ሰው ከቤቱ ሐዘኑን ፊቱ ላይ አስተካክሎ ይነሳል፤ የመጨረሻዋ እርከን ላይ ሲደርስ ሐዘኑ ይበተንበትና በሩን የሚያልፈው ድንጋጤውን ብቻ ይዞ ነው።

«ይቺ ደረጃ ሌላ ለቅሶ ሳታስቀምጠን አትቀርም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቁርጭምጭሚቷን እያሸች። የምትኖረው ታችኛው ፎቅ ላይ ነው። በቀን ስንቴ እንደምትወጣ አትቆጥርም፤ ስንቴ እንደተደናቀፈች ግን አትረሳም።

«እትዬ፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሸበቱ እኮ። እስካሁን አልለመዷትም?»

«እናትሽ መቼ አስለመደችኝ። ሁልጊዜ እሷ ነበረች ልብ የምትልልኝ።»

ምላጭ መልስ አላጣችም ነበር፤ መልስ አጥታም አታውቅም። ግን ትሪውን አስቀምጣ ወንበር አቀረበችላት።

ሳሎኑ በተውሶ ወንበር ተሞልቷል። ወንበሮቹን ያመጣው አጎቷ ነው፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ። እሱ ሐዘን ሲይዘው ዕቃ ይሸከማል። እህቱ ካረፈች ጀምሮ ሲቀመጥ ያየው የለም፤ ወንበር ያወጣል፣ ወንበር ያወርዳል፣ ማንም ያላንቀሳቀሰውን ወንበር ወደ ቦታው ይመልሳል።

መስኮቱ ሥር ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ዘንበል አለች። የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ደግሞ ከጩኸት ይልቅ ሩቅ ይሄዳል።

«ማስተርሷን ተምራ ቢሆን የት በደረሰች። ለልጇ ስትል ነው የቀረችው አሉ።»

«እናት ምን ታድርግ። ልጅ እግር ያስራል።»

ምላጭ ቡናውን ከፔርሙሱ መቅዳቷን አላቆመችም። ስኒውን ለሴትዮዋ ስታቀብል በጨዋ ድምፅ፣ «እኔ የተወለድኩት እናቴ ሥራ ገብታ ብዙ ከቆየች በኋላ ነው። እሷ ስታስረኝ እንጂ እኔ ሳስራት አላስታውስም። ስኳር ልጨምርልዎ?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ሳቋን በመሐረቧ አፈነች። አጎቷ ወንበር እንደተሸከመ በዐይኑ ወደ ኩሽና ጠራት።

«ምላስሽን ለዛሬ እንኳ ብታሳርፊው ምን ነበረበት?»

«ከአንድ ቤት አንድ ሰው ካረፈ አይበቃም?»

ሊቆጣ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ለመሆኑ ወሰንሽ? ነገ አይደል ምዝገባው የሚዘጋው?» አላት።

«ነገ ነው።»

«እናትሽ ያለችውን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እኔ ያልኩትንም እሷ ታውቀው ነበር።»

ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለዋታል፤ እስከ ነገ አንዱን እሺ ማለት አለባት። አንደኛው አውቶቡስ ቀን ሙሉ በሚጓዝበት ሌላ ከተማ ነው፤ አርክቴክቸር ያስተምራል። አራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከላዩ ሁለት ዓመት ማስተርስ። ሁለተኛው እዚሁ ነው፤ ሂሳብ። ሂሳቡ ቶሎ ያልቃል፤ ግን ከሌላ ትምህርት የሚመጣን ተማሪ ማስተርሱ ከፊደል ስለሚያስጀምረው እዚያ ላይ ይረዝማል። ድምሩ ያው ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ፣ ማስተርሱን ሳይጨርሱ «አርክቴክት» ብሎ ንድፍ ላይ መፈረም የለም።

ይሄን ከማንም በላይ የምታውቀው እናቷ ነበረች። ሰፈሩ «አርክቴክቷ» ሲላት፣ ሥጋ ቤት ሰልፍ ላይም ቢሆን ዞር ብላ ታርም ነበር። «አርክቴክት አይደለሁም። የመጀመሪያ ዲግሪ ነው ያለኝ። የመጀመሪያ ዲግሪ ማለት ማረፊያ ነው፤ ደረጃው መሀል ላይ የምትታጠፊበት ጠፍጣፋው ቦታ። ፎቁ ማስተርሱ ነው። እኔ ማረፊያው ላይ ወንበር አውጥቼ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ።» ሥጋ ሻጩ አንድም ቃል ሳይገባው «ታዲያ ይመችሽ» ይላታል።

ቢሮዋ ውስጥ ደረጃ የምትነድፈው እሷ ብቻ ነበረች። ሌላው ሰው ግድግዳውንና መስኮቱን ሲጨርስ ደረጃውን ባዶ ትቶ ወደ እሷ ጠረጴዛ ይገፋዋል። አንድ ጊዜ የቢሮው ባለቤት ተናደው «ደረጃሽን ጠብቂ» ቢሏት፣ «የዚህን ቢሮ ደረጃ ሁሉ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ የትኛውን ማለትዎ ነው?» ብላ ሰውየውን በሳቅ ጥላቸዋለች። ምላጭ አፏን ከየት እንዳመጣችው የሚጠይቅ ሰው እናቷን የማያውቅ ነው።

ምላጭን ግን ንድፍ ያስተማራት ሰው አልነበረም። እናቷ ከቢሮ የሚጣል ወረቀት ታመጣላት ነበር፤ በጀርባው ላይ ልጅቷ በልብስ ሰፊዋ ሜትር የለካችውን የሰፈሩን ቤት ሁሉ ነደፈችበት። የጎደላትን ከስልክ ለቃቀመች፣ የቀረውን በስህተት ተማረች። እናቷ ለጠየቀቻት ሁሉ ትመልሳለች፤ የበር ስፋት፣ የጣሪያ ተዳፋት፣ የመስኮት ከፍታ። ደረጃ ላይ ስትደርስ ብቻ «እሱ ይቆይ» ትላለች።

የቅጽል ስሟም ከእናቷ የንድፍ ጠረጴዛ የመጣ ነው። ሰው ምላሷን ብቻ ይመስለዋል። በድሮው አሠራር፣ ቀለም የገባበትን ንድፍ ላጲስ አያጠፋውም፤ የተሳሳተው መስመር በምላጭ ጫፍ ቀስ ተብሎ ይፋቃል። ልጅቷ ዐይኗ ፈጣን ስለነበር ከእናቷ ትከሻ በላይ ቆማ «እዚህ ጋ መስመሩ አልገጠመም» ስትል፣ እናቷ ምላጩን አንስታ «አንቺ ነሽ ምላጬ» ትላታለች። አንድ ቀን ስትፍቅ ቆይታ፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል፣ «ወረቀት ላይ ሲሆን ምላጭ አለው። ኮንክሪት የሆነ ስህተት ግን ምላጭ የለውም። በር ላይ ቆሞ መጣራት ብቻ ነው» አለች። ምላጭ ያኔ ትንሽ ነበረች፤ ነገሩን ከእናቷ ቀልዶች አንዱ አድርጋ አለፈችው።

የመጨረሻው ክርክራቸው የነበረው በዚሁ ኩሽና፣ በዚሁ ጠረጴዛ ነው።

«ሂሳቡን ያዢ» አለች እናቷ፣ ሽንኩርት እየላጠች።

«ሂሳብ ምን ልታደርግልኝ?»

«ምንም። ጥሩነቷም እሱ ነው። የአርክቴክቸሩን የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘሽ ስትወጪ በነጋታው ሥራ ይሰጡሻል። ንደፊ ይሉሻል፣ ትነድፊያለሽ፣ ትወደጃለሽ፣ አለቀ። ማረፊያው ሰፊ ነው፤ ሰፊ ማረፊያ ላይ ሰው ይቀመጣል። በሂሳብ ግን ማንም ደረጃ አያስነድፍሽም። ወደሽ ሳይሆን ተገፍተሽ ትወጫለሽ።»

«አንቺ ስለተቀመጥሽ እኔም እቀመጣለሁ ማለት ነው? እኔ ወንበር አልወድም።»

«እኔም አልወድም ነበር። ወንበሩ ነው የወደደኝ።» ሽንኩርቱ ዐይኗን አስለቅሷት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አስቢበት። ማታ እንጨርሰዋለን።»

ማታ አልመጣችም። የቢሮ ጠረጴዛዋ ላይ እንደተደገፈች ልቧ ቆመ። የሥራ ባልደረቦቿ የምታስብ መስሏቸው ድምፃቸውን ቀንሰው ነበር አሉ።

ከሰዓት በኋላ የቢሮው ባለቤት መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸው እንደ ንድፋቸው የተተኮሰ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው አርክቴክት። ምላጭ ኮቴያቸውን ከታች ጀምራ ሰማችው። ቃሉ እንደገና ወጣ፣ እንደገና ተሰነቀረ። ጋሼ ተደናቀፉ።

ግን እንደ ሌላው ሰው አልደነገጡም። በሩ ላይ ብረቱን ይዘው ቆሙና ሳቁ፤ ሳቁ እየቀጠነ ሄዶ እንባ ሆነ። አጎቷ ደግፎ አስገባቸው። የያዘውን ወንበር በቀጥታ ከሥራቸው አደረገው።

የለቅሶው ወግ ካለቀ በኋላ ወደ ምላጭ ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ ንድፎችሽን አይቻለሁ። እናትሽ ሳትነግርሽ ታሳየኝ ነበር። ሂሳቡን እዚሁ እንድትማሪ እንደምትፈልግም ነግራኛለች። እንግዲህ የእሷ ወንበር ባዶ ነው። ጠዋት ተማሪ፣ ከሰዓት ከእኛ ጋር ሥሪ። ቤትሽን አትለቂ። ማስተርሱ የትም አይሄድም፣ ይደርሳል።»

አጎቷ ከእህቱ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ።

«ይኸው» አለ፣ ድምፁ በእፎይታ ለስልሶ። «እናትሽ ያለችው ሂሳብ፣ ላዩ ላይ ሥራ፣ ላዩ ላይ ቤትሽ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዳይሆንብሽ።»

«የሟች ቃል ነው» አለች መስኮቱ ሥር ያለችው ሴትዮ። የጠዋቱ ስኳር የበቃት አትመስልም።

ሁሉም አዩዋት። ምላጭ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ የተጠየቀችውን ትታ ሌላ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ በሩ ላይ ለምን ሳቁ?»

ሽማግሌው ወደ በሩ ተመለከቱ። «አልነገረችሽም?»

«ምኑን?»

«ይሄን ሕንፃ የሠራው የኛ ቢሮ ነው። ደረጃው ደግሞ የእናትሽ ነው። የመጀመሪያዋ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከዩኒቨርሲቲ ትኩስ ወጥታ። አንድም እርከን ሳታዛንፍ ነደፈችው፤ የሳተችው የንጣፉን ውፍረት ነው። ኮንክሪቱ ሲሞላ ሁሉም እኩል ነበር። ኋላ ላይ የየፎቁ ወለል ንጣፍ ሲለብስ ወለሉ የጣት ስፋት ያህል ከፍ አለ፤ እርከኖቹ ግን ባሉበት ቀሩ። በያንዳንዱ ፎቅ የመጨረሻዋ ከእህቶቿ ረዘመች። እኔም አይቼ ፈርሜበታለሁ፤ ዐይኔ አልያዘውም። ሕንፃው ሲመረቅ መጀመሪያ የተደናቀፍኩትም እኔው ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለማስተካከል ደረጃውን ሁሉ ማፍረስ ነበር፤ ባለቤቱ አልፈልግም አለ። የዚያን ዓመት ማስተርስ ተቀብለዋት ነበር። ‹ሂጂ› ስላት፣ ‹አንድ ደረጃ በትክክል ሳልነድፍ ፎቅ አልወጣም› አለችኝ። የሚቀጥለውን በትክክል ነደፈች። ከዚያ የሚቀጥለውን። አንድም ቀን አልተሳሳተችም፤ አንድም ቀን ግን በቃኝ አላለችም። ከዚያ እዚህ ቤት ተከራየች ሲሉኝ…» የቀረውን ወደ በሩ በመጠቆም በእጃቸው ጨረሱት።

ምላጭ ዐይኗን በሩ ላይ ተክላ ቀረች። እናቷ የተከፈተውን በር ይዛ፣ መብራቱን አብርታ፣ ለማያውቋት ሁሉ ስትጣራ ታየቻት። ትህትና ይመስላት ነበር። ለካ ሥራ ኖሯል፤ ምላጭ የሌለው ስህተት ላይ፣ በአፍ ብቻ፣ ዕድሜ ልክ የተሠራ።

ሂሳቡም ያኔ ተገለጠላት። «ማንም ደረጃ አያስነድፍሽም» ብላ ነበር እናቷ። ልጇ በቶሎ እንዳትሳሳት ነው የፈለገችው። ወንበሩንማ ሰበብ አደረገችው፤ የፈራችው የመጀመሪያዋን ስህተት ነው። ምላጭ ደረቷ ውስጥ ቁጣም ፍቅርም በአንድ ላይ ተነሱ፤ የትኛው እንደቀደመ አልለየችውም። የጣት ስፋት ነበር እኮ። አንድ ጣት።

«ወንበሩን ለሌላ ሰው ይስጡት፣ ጋሼ» አለች።

አጎቷ ብድግ አለ። «የእናትሽን ቃል?»

«እናቴ ሂሳብ ያለችኝ ማንም ወንበር እንዳይሰጠኝ ብላ ነው። እናንተ ሂሳቡንም ወንበሩንም ጎን ለጎን አስቀመጣችሁት። ይሄ የእሷ ቃል አይደለም፤ ያው የእሷ ማረፊያ ነው፣ ትራስ የተጨመረበት።»

«እና ሰው በማታውቂበት አገር ሄደሽ አርክቴክቸሩን ልትማሪ? ብትሳሳቺስ?»

«እሳሳታለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሳሳታለሁ፤ ግን ወረቀት ላይ፣ አስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ አጠገቤ ቆሞ። እስካሁን ብቻዬን ስሳሳት ኖሬያለሁ፤ አሁን የሚያርመኝ እፈልጋለሁ። አራት ዓመት እታረማለሁ፣ ከዚያ ሳልቀመጥ ሁለቱን እጨምራለሁ።»

«ስትመረቂ ግን ሥራው ይጠብቅሻል» አሉ ጋሼ በለሆሳስ።

«አይጠብቀኝ። የመጀመሪያውን ዲግሪ ብቻ ይዤ ከመጣሁ በሩን ይዝጉብኝ።»

ሽማግሌው ብዙ አዩዋት። የእናቷን ፊት እየፈለጉ ይመስል ነበር፤ ወይም አግኝተውት።

«እዘጋብሻለሁ» አሉ። «ማልቀስሽን አላይም፣ የማን ልጅ መሆንሽንም አላይም፤ እዘጋዋለሁ።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

አጎቷ ከግድግዳው አጠገብ የተደረደሩ ትርፍ ወንበሮችን አንስቶ፣ ለባለቤቶቹ ሊመልስ ይመስል፣ እያጉረመረመ ወረደ። ጋሼም ተነሱ። ሲወጡ የእጅ መደገፊያውን ብረት በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ ዕድሜያቸው በሚፈቅደው ዝግታ ወደ ታች ሄዱ።

ምላጭ ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች። በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገች፤ የሴቶቹ ወሬ ከውስጥ እንደ ውኃ ይንሿሿል። በአውራ ጣቷ የሩቁን ዩኒቨርሲቲ ስም ፈልጋ አገኘች። አርክቴክቸር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ። «ያረጋግጡ» ይላል። አረጋገጠች። ሂሳቡን «አልቀበልም» አለችው። ሁለቱም ነገር ስኒ ለማጠብ የሚወስደውን ጊዜ እንኳ አልወሰደም።

ቁልቁል አየች። ከዚህ ስትታይ የመጨረሻዋ እርከን ከሌሎቹ በምንም አትለይም። ዝቅ ብላ የጫፏን ሲሚንቶ በጣቷ ለካችው። ልክ ናቸው ጋሼ፤ አንድ ጣት።

ከታች ኮቴ ተሰማ። ከባድ ነው፣ ይንጓጓል። አጎቷ ነበር፤ ይዞት የወረደውን ወንበር የሚቀበለው አጥቶ ይሁን ሐሳቡን ለውጦ፣ መልሶ ተሸክሞታል። ወንበሮቹ እስከ አፍንጫው ተደራርበው እግሩን ጋርደውታል። ተኮሳትሯል፤ ገና አልታረቃትም።

ምላጭ ቀና ብላ ግድግዳውን ዳሰሰችና መብራቱን አበራች።

«አጎቴ» አለች። ድምፁ ሲወጣ የራሷ አልመሰላትም፤ ቢሆንም ወጣ። «የመጨረሻዋን ልብ በል።»

አጎቷ አንድ እግሩን አየር ላይ እንዳነሳ ቆመ። ከወንበሮቹ በላይ የሚታየው ዐይኑ ብቻ ነበር። ከዚያ እግሩን ከለመደው ከፍ አድርጎ አነሳና፣ ሳይደናቀፍ ወጣ።

ምላጭ የላይኛውን ወንበር ተቀበለችው። ማረፊያው ላይ አላስቀመጠችውም፤ ተሸክማው ገባች።